ዳገቱን የረሳ ፍጥነት፦ በሚዛንና በቴፒ መንገዶች የተሽከርካሪ ጭስን የማስላት ጥያቄ

ከሚዛን ተፈሪ ቡና የጫነ ኤፍ ኤስ አር የጭነት መኪና ቦንጋን አልፎ ወደ ጎጀብ ይወርዳል። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ጅማ የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምር ሹፌሩ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ ይቀንሳል። ሞተሩ ያጓራል፤ ከኋላው ያለው ሚኒባስ ተሳፋሪዎች መስኮት ይዘጋሉ። የፍጥነት መቁጠሪያው በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ይኸው መኪና ጅማ ገብቶ ለጥ ባለው ጎዳና ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ሲያዘግም መቁጠሪያው እንደገና 25 ላይ ነው። አሁን ግን ሞተሩ አይጨነቅም፤ ጭሱም ብዙ አይታይም። በመዝገቡ ላይ ሁለቱ 25ቶች አንድ ናቸው።

ከመንገድ ትራፊክ የሚወጣውን ልቀት በሞዴል ለማስላት የሚነሣ ሰው ሁሉ የሚጋፈጠው ጥያቄ በእነዚህ ሁለት 25ቶች መካከል ያለው ነው። ስለ ሞዴሎቹ ብዙ ተጽፏል። ወደ ሞዴሉ የሚገባው የፍጥነት መረጃ እንዴት እንደሚሰበሰብ፣ እንደሚጸዳና እንደሚደራጅ ግን ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። እኔ የማምነው ስህተቱ የሚወለደው እዚያ ነው ብዬ ነው። በተለይ ዳገትና ቁልቁለት፣ ደንና ዝናብ፣ ኬላና የቡና ወቅት በሚፈራረቁበት በደቡብ ምዕራባችን።

በመጀመሪያ ፍጥነት ለምን ያስፈልጋል? ጥያቄው አገሪቱ በዓመት ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከተሽከርካሪ ታወጣለች የሚል ብቻ ከሆነ የፍጥነት መረጃ አያስፈልግም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ የገባውን ነዳጅ ቆጥሮ ማባዛት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010ን አገራዊ ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ሲል የትራንስፖርቱን ድርሻ 3 በመቶ አካባቢ ያደረገውም በዚህ ዓይነት ጥቅል ስሌት ነው። ችግሩ የሚመጣው ጭሱ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አፍንጫ ሥር ወጣ ብለን ስንጠይቅ ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይዶችና ጥላሸት በነዳጁ መጠን ብቻ አይወሰኑም። ሞተሩ በዚያች ሴኮንድ ምን ያህል እንደተጨነቀ፣ ምን ያህል እንደሞቀ፣ በቂ አየር እንዳገኘ ይወስናቸዋል። መናኸሪያ ዳር ጀበና ጥዳ የምትውለው ሴት የምትተነፍሰውን ከነዳጅ ዴፖ ደረሰኝ ማወቅ አይቻልም። መንገዶቹ የሚያልፉባቸው አካባቢዎችም እንደ ማንኛውም አካባቢ አይደሉም፤ የካፋ ደን በ2010፣ የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሕይወት ከለላ ሥፍራነት ተመዝግበዋል።

ሞዴሎቹን በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል። አንደኛው ወገን አማካይ ፍጥነትን ይጠይቃል። የአውሮፓው ኮፐርት ከዚህ ይመደባል፦ ለእያንዳንዱ የተሽከርካሪ ዓይነት በአማካይ ፍጥነትና በልቀት መካከል የተሠራ ኩርባ አለው፤ ፍጥነቱን ስትሰጠው በኪሎ ሜትር የሚወጣውን ግራም ይመልስልሃል። ሁለተኛው ወገን በየሴኮንዱ ሞተሩ ላይ የወደቀውን ሸክም ይከተላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም የሚጠቀምበት ሞቭስ የመኪናውን ጉዞ በፍጥነትና በሞተር ኃይል በ23 የአሠራር ክፍሎች ይመድባል፤ ብሬክ መያዝ አንድ ክፍል፣ ሞተር እየሠራ መቆም አንድ ክፍል፣ የቀሩት ደግሞ እንደ ጉልበታቸው። ለታዳጊ አገሮች ከተሞች ታስቦ በካሊፎርኒያ የተሠራው አይ ቪ ኢ 60 ክፍሎች አሉት፤ ናይሮቢም ከተሞከረባቸው ከተሞች አንዷ ነች። ለእኛ ሁኔታ በአስተሳሰቡ የሚቀርበው ይኸኛው ይመስለኛል፤ መኪናው ምን ያህል ያረጀ እንደሆነና ከተማው ከባሕር ወለል ምን ያህል እንደሚርቅ ይጠይቃልና።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ወጥመድ አለ። ለሞቭስ አማካይ ፍጥነት ብቻ ብትሰጠው ዝም አይልም፤ ከውስጡ የተቀመጡ የጉዞ ዑደቶችን አንሥቶ ለአማካዩ የሚስማማውን ይመርጣል። እነዚያ ዑደቶች የተቀዱት ከአሜሪካ መንገዶች ነው። ስለዚህ የሚዛን ሹፌር በስሌቱ ውስጥ እንደ አሜሪካዊ ሹፌር ይነዳል። የአውሮፓው የድሮ የላቦራቶሪ ዑደት ደግሞ 1,180 ሴኮንድ ርዝመት፣ 33.6 ኪሎ ሜትር በሰዓት አማካይ ፍጥነት ነበረው፤ መፍጠኑና መዝገሙ በማስመሪያ የተሠመረ፣ ዳገት የሌለው። የላቦራቶሪ ዑደትና እውነተኛ መንገድ ምን ያህል እንደሚራራቁ ዓለም በግልጽ ያየው በመስከረም 2015 እ.ኤ.አ. የቮልስዋገን የልቀት ማጭበርበር ጉዳይ ሲፈነዳ ነው። ምርመራውን ካቀጣጠሉት አንዱ መለኪያ መሣሪያ መኪና ላይ ጭኖ በእውነተኛ መንገድ የመንዳት ሥራ ነበር።

አሁን ወደ ሚዛን-ቴፒ መንገድ እንምጣ። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ መኪና ግማሹን በሰዓት 60፣ ግማሹን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሄደ እንበል። አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው ቢባል ብዙ ሰው 40 ይላል። አይደለም። የመጀመሪያው 25 ኪሎ ሜትር 25 ደቂቃ ይፈጃል፤ ሁለተኛው 75 ደቂቃ። 50 ኪሎ ሜትር በ100 ደቂቃ ማለት በሰዓት 30 ነው። በየቦታው የተወሰዱ ፍጥነቶችን ደምሮ በቁጥራቸው ማካፈል ፈጣኑን የመንገድ ክፍል ያገንነዋል፤ ዘገምተኛውን፣ ጭስ የሚበዛበትን፣ ያሳንሰዋል። ይህ የሂሳብ ስህተት ቀላል ይምሰል እንጂ በብዙ ሠንጠረዥ ውስጥ ተደብቆ አገኘዋለሁ። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፦ የተገኘው 30 ከዚያ ለስላሳ የአውሮፓ ዑደት 33.6 ጋር ጎረቤት ነው። በአማካይ ብቻ ለሚያይ ሞዴል አንዱ መንገድ ለሌላው ምትክ ሊሆን ምንም አይቀረው።

የዳገቱን ጉዳይ በቁጥር ማየት ይቻላል። በእንዲህ ያለ ሥራ በስፋት የሚሠራበት ቀመር በ1999 እ.ኤ.አ. ሂሜኔስ ፓላሲዮስ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የመመረቂያ ጥናቱ ላይ ያቀረበው ነው። አንድ ቶን የመኪና ክብደት ለማንቀሳቀስ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት ስንት ኪሎ ዋት እንደሚያወጣ ከፍጥነት፣ ከፍጥነት ለውጥ፣ ከዳገትና ከነፋስ መቋቋም ያሰላል። በዚህ ቀመር በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር በሜዳ ላይ ሳይፈጥን ሳይዘገይ የሚሄድ አነስተኛ መኪና በቶን 1 ኪሎ ዋት ገደማ ይጠይቃል። መንገዱ በ100 ሜትር 7 ሜትር የሚወጣ ሲሆን ያው መኪና በያው ፍጥነት 5.8 ይጠይቃል፤ ስድስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ለከባድ መኪና የቀመሩ ቁጥሮች ይለያሉ፤ የዳገቱ ክፍል ግን የስበት ሕግ ስለሆነ ለማንም አይለወጥም። ጎጀብ ላይ ያለው 25 እና ጅማ ውስጥ ያለው 25 የሚለያዩት እንዲህ ነው።

ስለዚህ የፍጥነት መረጃ ያለ ዳገት መረጃ ጎዶሎ ነው። የዳገቱን መረጃ ከየት እናምጣ ሲባል ደግሞ የደቡብ ምዕራቡ ደን ይመጣል። ብዙ ሰው የሚያነሣው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንኮራኩር በራዳር የሠራውን የምድር ከፍታ ካርታ ነው፤ የ30 ሜትር ጥራቱ ለአፍሪካ ከ2014 ጀምሮ በነጻ ይገኛል። መልካም ካርታ ነው። ራዳሩ ግን ያየው የደኑን ራስ እንጂ ሁልጊዜ መሬቱን አይደለም። ዋንዛና ብሳና ቡናውን ባጠሉበት መንገድ ዳር አንዱ የካርታ ነጥብ መንገዱ ላይ፣ ቀጣዩ የዛፉ ቅጠል ላይ ያርፋል። በ30 ሜትር ርቀት የ8 ሜትር ስህተት ቢፈጠር 27 በመቶ የሆነ ዳገት ይወለዳል፤ እንዲህ ያለ አስፋልት በዚያ መንገድ ላይ የለም። ይህን ሳያርም ወደ ሞዴል ያስገባ ሰው ሜዳውን አቀበት፣ ጭሱን የሌለ ጭስ አድርጎ ይጽፋል።

መኪና ላይ የተገጠመው ጂፒኤስ ራሱ የሚሰጠው ከፍታም አስተማማኝ አይደለም፤ ሳተላይቶቹ ሁሉ ከላይ ስለሆኑ የከፍታ ስህተቱ ከጎንዮሹ ይበልጣል። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ስልክ የተሻለ ነው፤ የአየሩ ሁኔታ ሲለዋወጥ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል እንጂ በአሥር ሜትር ድንገት አይዘልም። እኔን ቢጠይቁኝ ከሁሉ የሚሻለው የመንገዱ የግንባታ ንድፍ ነው። ከጅማ በቦንጋ እስከ ሚዛን ያለው አስፋልት ሲሠራ መሐንዲሶች የመንገዱን ቁመታዊ ገጽ በሜትር በሜትር ነድፈውታል። ያ ወረቀት ቁፋሮውን ለመምራት የተሠራ ቢሆንም ጭስን ለማስላት ከሳተላይት ካርታ የበለጠ ዋጋ አለው። እሱ ካልተገኘ ያው መንገድ በመሄድና በመመለስ ብዙ ጊዜ ተለክቶ፣ በየ100 ወይም 200 ሜትሩ ተጠቃልሎ፣ የመሄጃው ዳገት ከመመለሻው ቁልቁለት ጋር መመሳከር አለበት። ካልተስማሙ አንዱ ይዋሻል።

ፍጥነቱ ራሱ የሚሰበሰብበት መንገድ ሌላው ጣጣ ነው። ጂፒኤስ ለሲቪል ተጠቃሚ ይህን ያህል የረዳው በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆን ብላ ትጨምርበት የነበረውን ስህተት ካቆመች በኋላ ነው። ዛሬ በጭነት መኪናዎችና በሕዝብ ማመላለሻዎች ላይ ከፍጥነት መገደቢያ ጋር የሚገጠሙ መከታተያዎች አሉ። መረጃው ከእነርሱ በብዛት ይገኛል። ግን መከታተያው የሚሠራው ለባለንብረቱ ነው፤ መኪናዬ የት ደረሰ ለሚል ሰው በየ30 ሴኮንዱ ወይም በየደቂቃው አንድ ነጥብ ይበቃዋል፤ የሲም ካርዱም ወጪ ይቀንሳል። በ30 ሴኮንድ ውስጥ በሰዓት 40 የሚሄድ መኪና 333 ሜትር ይጓዛል። በዚህ መሃል ጠመዝማዛ ቢኖር፣ ላም ብትገባ፣ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ማርሽ ቢቀይር፣ መዝገቡ አላየም። ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ መሥመር ያገናኘ ሰው ደግሞ ጠመዝማዛውን ስለቆረጠው ርቀቱ ያጥርበታል፤ ፍጥነቱም ከእውነቱ ያንሳል። ከእንዲህ ያለ መረጃ አማካይ ፍጥነትና የመቆሚያ ቦታ ማውጣት ይቻላል። የፍጥነት ለውጥ ማውጣት ግን አይቻልም፤ አወጣሁ የሚል ካለ የራሱን ግምት እያነበበ ነው።

የየሴኮንዱ መረጃ ቢገኝም ሥራው አላለቀም። ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ የሳተላይቱ ሲግናል ይደክማል፤ ቴፒ ዙሪያ ደግሞ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። በዛፍ ሥር ነጥቡ ወዲያ ወዲህ ይላል። የፍጥነት ንባቡ በየሴኮንዱ ግማሽ ሜትር ያህል ቢሳሳት፣ ከሁለት ተከታታይ ንባቦች የሚሰላው የፍጥነት ለውጥ ስህተት በሴኮንድ 0.7 ሜትር ገደማ ይሆናል። በሰዓት 25 ለሚሄደው መኪናችን ይህ በቶን 5.3 ኪሎ ዋት የሚሆን የውሸት ጉልበት ነው። ከላይ ካሰላነው የ7 በመቶ ዳገት ጭማሪ ይበልጣል። የመሣሪያው መንቀጥቀጥ ብቻውን የጎጀብን የሚያህል ዳገት በሜዳ ላይ ይፈጥራል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ማለስለስ ነው። ከነጥብ ለነጥብ ርቀት ፍጥነትን ከማስላት ይልቅ ብዙ መሣሪያዎች ከሲግናሉ የድግግሞሽ ለውጥ፣ በዶፕለር ዘዴ፣ የሚያወጡትን ፍጥነት መያዝ የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ በጣም የተሻለ ነው። ከዚያ የሚቀረውን መንቀጥቀጥ በተንሸራታች አማካይ፣ በ1964ቱ የሳቪትዝኪና ጎላይ ዘዴ ወይም በ1960ው የካልማን ማጣሪያ ማርገብ ይቻላል። ሆኖም ማለስለስ እንደ ጨው ነው። ሲበዛ የፍጥነቱን ጫፍ ይቆርጣል፤ ሹፌሩ ከቆመበት ተነሥቶ ነዳጅ የረገጠባት ሦስት ሴኮንድ ትጠፋለች። ጥላሸቱ የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው። ስለዚህ ማለስለሻው በምን ያህል መስኮት እንደሠራ ያልጻፈ ጥናት ውጤቱን ብቀበል እንኳ በሙሉ ልብ አልቀበለውም። ጥሬው መዝገብ ሳይነካ መቀመጥ አለበት፤ የጸዳው ከጎኑ፤ ምን እንደተነካ በሦስተኛ ዓምድ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ዜሮው ነው።

መረጃ የሚያጸዳ ሰው ረጅም የዜሮ ሰልፍ ሲያይ እጁ ወደ መሰረዣው ይሄዳል። መኪናው ቆሟል፣ መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል። በዚህ አገር ግን ዜሮ ከመረጃው ሁሉ ባለጸጋው ሊሆን ይችላል። በመከር ወራት፣ ከመስከረምና ጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር፣ ቀይ እሸት የጫነ መኪና እሸት ቡና ማጠቢያው በር ላይ ሰልፍ ይይዛል። በኬላ ላይ የቡና ወረቀት እስኪታይ ይቆማል። መናኸሪያ ላይ አውቶቡሱ ሰው እስኪሞላ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። በእነዚህ ሁሉ መኪናው ቆሟል፤ ሞተሩ ግን በሚኒሞ ይሠራል። በሚኒሞ የሚወጣው ጭስ በኪሎ ሜትር አይከፈልም፤ ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ነውና። በሰዓት ነው የሚቆጠረው። አማካይ ፍጥነት ላይ ብቻ የቆመ ስሌት ይህን ያደበዝዘዋል፤ ዜሮውን የሰረዘ ስሌት ደግሞ ፈጽሞ ያጠፋዋል።

ቆሞ የሚሠራንና ጠፍቶ የቆመን መለየት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ መከታተያዎች ከቁልፉ ሽቦ ጋር ሲያያዙ ሞተሩ መነሣቱን ይመዘግባሉ፤ ያ አንድ ዓምድ ከሌሎቹ አሥር ዓምዶች ይበልጥብኛል። ያ ከሌለ ረዳቱ ይጠየቅ። ረዳት የማያውቀው መቆሚያ የለም። ጂፒኤሱ ቆሞም በሰዓት 1 ወይም 2 ኪሎ ሜትር እያለ ስለሚንከራተት፣ ከዚያ በታች ያለውን ዜሮ ማድረግ ተገቢ ነው። ሲግናሉ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ቢጠፋ በግራና በቀኝ ባሉት ንባቦች መሙላት ይቻላል። ለደቂቃ ከጠፋ ግን ባዶውን ባዶ ብሎ መተው ይሻላል፤ ሲግናሉ የሚጠፋው ጥቅጥቅ ባለው ደንና በጠባቡ ገደል ስለሆነ በሜዳ ንባብ ከሞላነው ዳገቱን ሁለተኛ ጊዜ እንረሳዋለን።

መረጃው የማን ነው የሚለውም ቸል መባል የለበትም። ጂፒኤስ ያለው የድርጅት ላንድክሩዘርና የንግድ ጭነት መኪና ነው። ሚዛን ከተማ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሮጠው ባጃጅ፣ ከበበቃ የቡና እርሻ አካባቢ ሰው የሚያመላልሰው ሞተር ሳይክል መዝገብ የላቸውም። ከመኪናው ኮምፒዩተር ፍጥነትን መሳብ ይቻላል የሚሉም አሉ፤ በገጠሩ መንገድ የሚታወቀው የድሮው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ግን ነዳጁን በሜካኒካል ፓምፕ የሚረጭ ነው፤ የሚጠየቅ ኮምፒዩተር የለውም። የላንድክሩዘርን ፍጥነት ወስዶ በባጃጅ ቁጥር ማባዛት ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ሦስተኛ ነገር ይሰጣል። ለእነዚህ ስልክ በኪስ አድርጎ መሳፈር በቂ ነው፤ ርካሽም ነው። ባለንብረቱን ማስፈቀድ፣ የሹፌሩን ቤትና ስም ከመዝገቡ መለየት፣ መረጃው ለቅጣት እንደማይሆን በቃል ሳይሆን በወረቀት ማረጋገጥ ግን ይቀድማል። መቀጣት የፈራ ሹፌር በለካነው ቀን እንደ ሌላው ቀን አይነዳም።

የተሽከርካሪው ቁጥር የሚገኘው ከኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የትራፊክ ቆጠራ ነው፤ በዓመት ሦስት ጊዜ ይካሄዳል። ቆጠራውን ከፍጥነቱ ጋር ለማጋባት ሰዓቱ መስማማት አለበት። እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ መመሪያ የማይነግረን የኛ ጣጣ አለ። ጂፒኤስ የሚጽፈው በግሪንዊች ሰዓት ነው። ቆጣሪው በደብተሩ ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ሲጽፍ መሣሪያው 5 ይላል፤ ኮምፒዩተሩ ለአዲስ አበባ ሲያስተካክለው 8 ያደርገዋል። ሦስቱም አንድ ቅጽበት ናቸው። ደብተሩን ወደ ኮምፒዩተር የገለበጠው ልጅ 2ን በፈረንጅ አቆጣጠር ሌሊት 2 ብሎ ካስገባው የጠዋቱ የገበያ መኪና ሁሉ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ሄዶ ጨለማ ውስጥ ይነዳል። ቀኑም እንዲሁ ነው። በእኛ አነጋገር ሌሊቱ እስኪነጋ ቀኑ ያው ሲሆን መሣሪያው እኩለ ሌሊት ላይ ቀን ይቀይራል። ጳጉሜን የማያውቅ ሠንጠረዥ ላይ የመስከረምን መረጃ ማስገባት የሞከረ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ይህን ማረም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሳይታረም ከቀረ ግን የጭሱን ሰዓት ፈጽሞ ያዛባል፤ ሌሊት የወጣ ጭስ ከቀን ጭስ ይልቅ ረጋ ባለው አየር ውስጥ ስለሚተኛ የሚተነፍሰውም ሰው ብዛት ይለወጣል።

ወቅቱም ሊዘነጋ አይገባም። በሐምሌ የተለካ ፍጥነት የሐምሌ ነው። ያኔ መንገዱ ጭቃና ጉም ነው፤ ቡናውም ገና ዛፉ ላይ ነው። በኅዳር የተለካው ደግሞ የመከሩን ግርግር ይዟል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ የቡናው ጉዞ ከማከማቻ ወደ ማከማቻ በተለየ ሥርዓት ይካሄዳል፤ ሰልፉም የሚፈጠርበት ቦታ አብሮ ተለውጧል። የአስተዳደሩም ለውጥ እንዲሁ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫው በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ተከፋፍሏል። ከዚያ በፊት የተሰበሰበ መረጃ የመንግሥት መኪና በእነዚህ ከተሞች መካከል የሚያደርገውን ምልልስ አያሳይም።

ሸክሙ ላይ ትንሽ ልቆይ። የቡና መኪና የሚከብደው ሲወጣ ነው። ሚዛን ተፈሪ 1,450 ሜትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ 2,350 አካባቢ ላይ ናቸው። ልዩነቱ 900 ሜትር ይመስላል፤ መንገዱ ግን በጎጀብ አንድ ጊዜ፣ በጊቤ ደግሞ ወደ 1,100 ሜትር ዳግመኛ ይወርዳል። ከጊቤ ድልድይ እስከ አዲስ አበባ ብቻ 1,250 ሜትር መውጣት አለ። ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ 123 ሜጋጁል ያህል ሥራ ይጠይቃል። ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት 35 በመቶውን ወደ ጎማ ያደርሳል ብንል 10 ሊትር ናፍጣ ገደማ ለዳገቱ ብቻ ይቃጠላል፤ 27 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ባዶውን ሲመለስ ሂሳቡ ሌላ ነው። ስለዚህ የመሄጃና የመመለሻ ፍጥነት ተደምሮ አንድ አማካይ መሆን የለበትም፤ በአንዱ ወገን ጆንያ አለ፣ በሌላው የለም። ኮፐርት ለከባድ መኪናዎች ባዶ፣ ግማሽና ሙሉ ጭነት የሚሉ ምርጫዎች አሉት፤ ዳገቱን ግን በ6 በመቶ ያቆመዋል። ከዚያ የሚያልፈው የመንገዳችን ክፍል በ6 ይገመታል።

ቁልቁለቱም ቢሆን ዝም አይባልም። ሁለት ሹፌሮች ወደ ጊቤ በሰዓት 35 ይወርዳሉ። አንዱ ሁለተኛ ማርሽ ይዞ በሞተሩ እያስቆመ ነው፤ ነዳጅ አይረጭም ማለት ይቻላል። ሌላው ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ ማርሽ ላይ ለቆት ፍሬኑን እየረገጠ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ነዳጅ እየጠጣ፣ የፍሬን ሸራው ደግሞ እየተፋቀ ብናኝ ይወጣል፤ ለሕይወቱም አደጋ ነው። በፍጥነት መዝገብ ሁለቱ አይለዩም። የሞተሩ ዙር ከተመዘገበ ይለያሉ፤ ካልተመዘገበ ግን ከሹፌሮች ጋር ተቀምጦ ቁልቁለቱን በስንት ማርሽ ትወርዳለህ ብሎ መጠየቅ ነው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለእንዲህ ያለ ሥራ ከማንም የቀረቡ ናቸው። መንገዱ በራቸው ላይ ነው፤ ሹፌሮቹም ጎረቤቶቻቸው።

ለጊዜው ሊሠራ የሚችለው ሁለቱን መረጃዎች ማጣመር ነው። ብዛት ያለው የ30 ሴኮንድ መዝገብ መኪኖቹ የት እንደሚዘገዩና የት እንደሚቆሙ ይነግራል። በየሴኮንዱ የተለኩ ጥቂት ጉዞዎች ደግሞ፣ በኤፍ ኤስ አር፣ በአውቶቡስ፣ በባጃጅ፣ በመከርና በክረምት፣ ጭነው ሲወጡና ባዶ ሲመለሱ፣ ሹፌሩ በዚያ ቦታ እንዴት እንደሚነዳ ያሳያሉ። አንዱ የሌላውን ጎዶሎ ይሞላል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

መንግሥት በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ በኋላ ይህ ሁሉ ልፋት ጊዜው ያለፈበት ነው የሚል ሰው ይኖራል። መንገድ ላይ ያሉት የናፍጣ ጭነት መኪናዎች ግን ለዓመታት ይሠራሉ። ከዚያ በላይ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪናው ባትሪ ከጊቤ ዳገት በፊት ያልቃል ወይስ ያደርሳል የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በዚያው ቀመር፣ በዚያው የፍጥነትና የዳገት ዓምድ ነው። ልዩነቱ በቁልቁለቱ ላይ ነው። ናፍጣ መኪና ወደ ጊቤ ሲወርድ ጉልበቱን በፍሬን ሸራ ወይም በሞተሩ ያባክነዋል፤ የኤሌክትሪኩ ግን ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ምን ያህሉን እንደሚመልስ ለማወቅ በየትኛው መታጠፊያ፣ በስንት ፍጥነት፣ ስንት ጊዜ ፍሬን እንደሚያዝ በየሴኮንዱ የጻፈ መዝገብ ያስፈልጋል።